ስለ ሳቂታው ሹመትና ስለ እኔ ፊት

ለተከበሩ የባንካችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፤

ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ጤናና ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከቅርንጫፉ መስኮት ጀርባ ገንዘብ የምከፍል ሠራተኛዎ ይህን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። «ተሳትፎ ያለው ሠራተኛ ምርታማ ነው» ብለው ያስጀመሩት ፕሮግራም ፍሬ አፍርቶ፣ ከጎኔ ባለው መስኮት የሚሠራው፣ እኛ ሳቂታው የምንለው ባልደረባዬ የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። ለቦታው እኔም ተወዳድሬ ነበር። እንኳን ደስ አለው፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ፣ አንጀቴ እርር ብሏል፣ ምን ልደብቅዎ!

፩. ተሳትፎ የሚለካው በጠዋቱ ስብሰባ እጅ በማውጣት መሆኑን ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ሳቂታው ያልተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል፤ ሲጨርስም ያጨበጭባል፣ ለራሱም ቢሆን። እኔ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ደንበኛ እያየሁ ዝም ስለምል «ስሜት የላትም» ተብያለሁ።

፪. እሱ የተሳትፎ ኮሚቴ አባል ስለሆነ መስኮቱ ላይ «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ አቁሞ ወደ ስብሰባው ይሄዳል፤ ሰልፉም ወደ እኔ ይዞራል። ታዲያ ፊቴ ቢጠቁር ይፈረድብኛል? ለካስ ይፈረድብኛል፤ በእርስዎ መመዘኛ ፈገግታም ነጥብ አለው። የገዛ እናቴ እንኳ ጡረታዋን ልትወስድ መጥታ፣ «ልጄ፣ ምነው አንቺም እንደዚያ ልጅ ብትስቂ» ብላኛለች። እናት ሆና!

፫. የቅርንጫፋችን ሥራ አድጓል መባሉ እውነት ነው፤ በማን ትከሻ እንዳደገ ግን ትከሻዬን ይጠይቁልኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሳቂታውን ግን የእኔ ድካም እንዴት አድርጎ አደመቀው!

የሥራ ፍቅር በጭብጨባ እንደሚሰፈር ስላስተማሩን ውለታዎ አይረሳም።

በታላቅ አክብሮት፣ ከዚያም በሚበልጥ ቅናት፣
ጥርሷን የማታሳየው ገንዘብ ከፋይዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሳቂታው «ሥራን መውደድ» የሚል ሥልጠና ሊሰጥ ሲሄድ፣ ደንበኛ እንዳይጉላላ ብሎ «እህቴ፣ አንቺ ቅሪ» ያለኝ ራሱ ነው። ቀረሁ። ዛሬ ጠዋት «ከሥልጠና ቀርታለች፣ ተሳትፎ ይጎድላታል» የሚል ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠኝ፤ እየሳቀ። ጥርሱ ሲያምር! በጥርሱም ቀናሁ።