በኑግ ዘይት ስለምትቆመው መኪናዎ

ለተከበሩ ጓድ ብዙነህ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
አምቦ፣ ሚያዝያ 1972 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የግንባርዎ እብጠት ጎድሎ ከሆነ ደስ ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ መኪናዎ ከቁልቁለቱ ሥር ገበያ ላይ የተቀመጠችውን በርበሬ ሻጯን አደ ጉዴን ከነበርበሬዋ ስትጨፈልቃት መስታወቱ እርስዎንም እንደነካዎ ሰምተን ቀበሌው በሙሉ አዝኗል። አደ ጉዴ በሦስተኛው ቀን ስላረፈች መጥታ ልትጠይቅዎ አልቻለችም፤ ይቅርታ ያድርጉላት።

እኔ የመካኒኩ የኦቦ ቀነዓ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ሰው ፊት ቃል ስለማይወጣኝ ይህን ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ በሊጥ ለጥፌዋለሁ። አባቴን «በአሻጥር ሰው አስገደለ» ብለው ስላሰሩት፣ ከባላባቱ የተወረሰችው የዚያች የተከበረች የጀርመን መኪና ጉድለቶች እንደሚከተለው ቀርበዋል።

1ኛ. ካልተገፋች አትነሳም። እያንዳንዱ ቤት በየተራው ወጥቶ እንዲገፋት ስላዘዙ፣ ክንዱ የዛለውንም «ግፋ አንተ አድኃሪ!» እያሉ በቀበቶዎ ስለሚያበረታቱ እናመሰግናለን።

2ኛ. ራዲያተሯ ይፈላል። የአምቦ ፍል ውሃ ሰው ካዳነ መኪናም ያድናል ብለው፣ አባቴ ተዉ እያለዎ፣ በጀሪካን አስቀድተው አስሞሏት፤ ጨዉም ውስጧን ደፈነው። በግለቷ ክዳኑን እንዲከፍት ያዘዙት ዘበኛዎ ዳዲ የፊቱ ቆዳ ከተላጠ ወዲህ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አይለይም፤ ለዘበኛ የሚስማማ ፊት ስለሰጡት ምስጋና ይድረስዎ።

3ኛ. የኋላ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። አባቴ ሊጠግነው ሲል «እሱን አትንካ» ስላሉት እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። በዚያ በር ገብተው ያልተመለሱትም ቅሬታ አላቀረቡም።

4ኛ. የፍሬን ዘይቷ አልቆ ነበር። አባቴ፣ «ጓድ፣ ይቺ መኪና መሄድ ትችላለች፤ መቆም ግን አትችልም፤ ዘይቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይንዷት» ቢልዎ፣ «አብዮቱስ መች ይቆማል!» ብለው በሽጉጥዎ እጀታ ሁለት ጥርሱን አረገፉለት። ከዚያ እኔን ከኅብረት ሱቅ የኑግ ዘይት እንዳመጣ ላኩኝ፤ ዘይት ዘይት ነው አሉ። ዳዲ ሲሞላው አባቴ ደም እየተፋ በእጁ «አይሆንም» እያለ ነበር። ጠርሙሱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። የኑግ ዘይት የፍሬኑን የውስጥ ጎማ አሳብጦ እንደሚያበላሸው የመካኒክ ልጅ ታውቃለች፤ እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። የአደ ጉዴ እግሮች ሲሰበሩ የሰማሁት ድምፅ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እንጨት ሲሰበር እንኳ ያን ያህል አይጮህም።

አባቴ የተከሰሰበትን ሥራ ማን እንደሠራው የሚጠራጠር ካለ ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብሎ ያሽትት። ኑጉ ዛሬም ይሸታል።

ጓድ ሆይ፣ ያንን ፍሬን ሊጠግን የሚችል በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የታሰረበት ክፍል ቁልፍም በእርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ሳይደርስ አባቴን እንዲፈቱልኝ፣ ወለል ላይ ተደፍቼ ለመለመን ስለማፍር፣ ቆሜ እጠይቃለሁ።

ቀበቶዎ የማይላላ፣ ሽጉጥዎ የማይዝግ እንዲሆን እየተመኘሁ፣
በታላቅ አክብሮት
የእስረኛው ልጅ፣ ድንቅቱ ቀነዓ

ማስታወሻ (ከተለጠፈ በኋላ የጨመርኩት)፦ የፊታችን ቅዳሜ የመግፋቱ ተራ የእኛ ቤት ነው። አባቴ ስለታሰረ የምገፋው እኔ ነኝ። መኪናዋ እንደተለመደው ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ቆማለች። የገበያ ሴቶች ይህን ደብዳቤ ማንበብ የሚችል ሰው አስነብበው ስለሰሙ፣ ቅዳሜ ከመኪናዋ መንገድ ወጥተው በወዲያኛው በኩል ሊቀመጡ ተስማምተዋል፤ ከታች የሚጠብቅዎ የሁሉቃ ወንዝ ብቻ ነው። አባቴ ከተፈታ ፍሬኑን ይሠራልዎታል። ካልተፈታ ግን ቀበቶዎን ማውጣት አያስፈልግዎትም፤ ሳልታዘዝ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ እገፋለሁ።