የአንገቴ ተራ

ስዋንሲ፣ መጋቢት ማገባደጃ

ለውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? እዚያ ሰሜን የባሕሩ ንፋስ ገና እንዳልበረደ ሰማሁ፤ ያንን ወፍራም ካልሲ አድርጊ፤ ለሰው አምሮ መታየቱ ይቆየን። አክስቴ ኔስታ ከሬዲዮው ጋር ታረቀች ወይስ አሁንም ዜና አንባቢውን ትሰድበዋለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ የእውነቴን ነው። ባሌ የስቲንም ደህና ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እያፏጨ ይዞራል፣ ሳይጠየቅ ሳህን ያጥባል። ባሌን ስለምታውቂው ይሄ ብቻውን አንድ ደብዳቤ ይወጣዋል።

ለምን አልደወለችልኝም ትዪ ይሆናል። ስደውልልሽ ኔስታ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ታደርገዋለች፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ያንቺ መሆኑ ቀርቶ የመንደሩ ነው። ይሄኛውን አንቺ ብቻ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ተቀምጠሽ እንድታነቢው ፈለግሁ። ደግሞ እንደ ልማድሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታነቢ። በተራው ልንገርሽ።

አንገቴ ባሰበት ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ጠባሳው በሙቅ ውሃ እንደ ታጠበ የሱፍ ሹራብ እየተኮማተረ ወደ ትከሻዬ ይስበኛል። ገበያ ውስጥ በግራ በኩል የሚመጣ ደንበኛ ከነእግሬ ካልዞርኩለት አላየውም። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ቆመው ቆመው ሲሰለቻቸው፣ «አንቺ፣ ኩራት ነው ወይስ አላየሽኝም?» አሉኝ። «ኩራት ነው» ብዬ ከዓሣው ጎን ለምግብ የምሸጠውን የተቀቀለ የባሕር አረም አንድ ጭልፋ ጨመርኩላቸው። ሳቁና ዓሣም ገዙኝ።

ዶክተር ራጋቫን ጠባሳው ተቆርጦ ቆዳው መላላት አለበት ካሉ ቆይተዋል። ነገር ግን ጠባሳ ሲቆረጥ አዲስ ቁስል ነው፤ ቁስሉ ሲድን ደግሞ ሌላ ጠባሳ ይተክላል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው ነገሩ። ታዲያ ቁስል ገና ትኩስ ሳለ ተቀብቶ፣ ጠባሳ ሳይተው እንዲድን የሚያደርግ መድኃኒት ሰው ላይ ሊሞከር ነው፣ ወጪውንም የሚችለው የበጎ አድራጎት ማኅበራችን ነው ሲባል እንዴት እንዳበድኩ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ ያን ዕለት እንኳ ለኔስታ ድምፅ ማጉያ ነው የጮህኩት።

ወይዘሮ ፕሮሰርን ነግሬሻለሁ፤ የማኅበሩን የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የሚያስተዳድሩት። ሟች ባላቸው ብረት ማቅለጫው ውስጥ ጀርባቸው ከተቃጠለ ወዲህ አንድም ቀን ባሕር ዳር ሸሚዛቸውን ሳያወልቁ ሞቱ። ይሄ ነው እኚህን ሴትዮ በሰማንያ ዓመታቸው እንደ ወታደር የሚያስሮጣቸው። ያገለገለ ድስት ከሚሰጣቸው ሰው ጋር እንኳ «ክዳኑስ?» ብለው ይጣላሉ። ለዚህ ጥናት ብለው ያልሸጡት ኬክ፣ ያላስገደዱት ጎረቤት የለም።

በአዲስ ዓመት ዕለት፣ ጥር አንድ ቀን፣ ባሕር የገባነውም በሳቸው ትእዛዝ ነው። ሰው «ከገባችሁ ይህን ያህል ገንዘብ እንሰጣለን» ብሎ ቃል ይገባል፣ እኛ ደግሞ እየጮኽን እንገባለን። እኔ አንገቱ ድፍን ሹራቤን ለብሼ ልገባ ነበር። ወይዘሮ ፕሮሰር የአበባ ኮፍያቸውን እያጠበቁ፣ «ለጠባሳ ገንዘብ እየሰበሰብሽ ጠባሳሽን ትደብቂያለሽ? አውልቂ እንጂ» አሉኝ። አወለቅሁ። እማዬ፣ ከትምህርት ቤት ወዲህ ሕዝብ ፊት አንገቴን ሳሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ውሃው ግን በጣም ይቀዘቅዝ ስለነበር ማን አየኝ ማን አላየኝ ለማለት ጊዜ አልነበረኝም። ስወጣ የስቲን በፎጣ ጠቅልሎ እስከ ቤት ተሸክሞኝ ሄደ። ያን ቀን ሁለታችንም ከሥራ ነፃ ነበርን፤ ከአልጋም አልወረድንም፤ ብርድ ይዞን ነው።

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መጥተው ገንዘባችን ምን እንደሚሠራ አስረዱን። ሰውነታችን ቁስል ሲያይ እንደ ደነገጠ ግንበኛ ነው አሉ፤ ጎርፍ ሳይገባ ብሎ ባገኘው ድንጋይ ይደፍነዋል እንጂ ስለ መልኩ አይጨነቅም። ቀጥለው የተናገሩትን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። በእናቱ ማሕፀን ያለ ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢቆስል፣ ቁስሉ ምልክት ሳይተው ይገጥማል አሉ። እኛ የምንፈልገው ስንወለድ የረሳነውን ነው አሉ። ወይዘሮ ፕሮሰር እጃቸውን አውጥተው፣ «ሁላችንም አንዴ አውቀነው ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። አዎ አሉ። «ባሌም?» አሏቸው። «ባለቤትዎም» አሉ ዶክተሩ። ሴትዮዋ መሐረባቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

በዚህ ብቻ ግን አላበቁም። ከቁስሉ ግማሹ ብቻ መድኃኒቱን እንደሚቀባ፣ ሌላው ግማሽ ተራ ቅባት እንደሚያገኝ ሲሰሙ ብድግ አሉ። «እኛ ኬኩን ሙሉ ነው የጋገርነው ዶክተር። ለዚች ልጅ ግማሽ አንገት ልትሰጣት ነው?» አሉ። ዶክተር ራጋቫን በትዕግሥት፣ የትኛው ግማሽ መድኃኒት እንደ ደረሰው እሳቸውም ሆኑ እኔ እስከ መጨረሻው እንደማናውቅ፣ ካወቅን ዓይናችን እንደሚያዳላ ነገሯቸው። ወይዘሮ ፕሮሰር አሰቡና፣ «ገባኝ። ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ራግቢ ይዳኝ ነበር። የመንደሩን ልጆች ጨዋታ አይሰጡትም ነበር። እንዲያ በለኝ እንጂ» ብለው ተቀመጡ።

እኔን የመጀመሪያዋ ተሳታፊ አደረጉኝ። የማኅበሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ እሱን ዶክተሩ አስረግጠው ነግረውኛል፤ አንገቴ ለጥናቱ ተስማሚ ሆኖ ነው። አንገቴ ለአንድ ነገር ተስማሚ ነው ሲባል በሕይወቴ መስማቴ ነው። ላንቺ የነገርኩሽ ያን ዕለት ነው። የጻፍሽልኝን መልስ ከትራሴ ሥር አስቀምጬዋለሁ። «ያ ምልክት ከአንገትሽ ላይ ሲነሳ አይቼ ዓይኔ በሰላም ይከደናል» ብለሻል። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ እማዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከራሴ ይልቅ ላንቺ ብዬ ነው የጓጓሁት።

ሐሙስ ዕለት ለመጨረሻው ምርመራ ሄድን። ወይዘሮ ፕሮሰር የኬክ ጣሳቸውን አቅፈው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ፤ ባሌ መኪና ውስጥ ቀረ። ሲስተር ደሊዝ የምትባል፣ ከሸለቆው መንደሮች የመጣች ቀልደኛ ነርስ ክብደቴን መዘነች፣ ክንዴን ወጋች፣ ታጨሻለሽ ወይ አለች። ከዚያ ሴት ሁሉ የምትጠየቀውን ጠየቀችኝ። ሳቅሁባት። «ሲስተር፣ እኔና ባሌ ያን በር ስምንት ዓመት አንኳኩተን፣ እጃችን ሲዝል ወደ ቤታችን ተመልሰናል። አሁን ያለን ድመት ነው» አልኳት። «ድመቷን ሳሚልኝ፤ ደንብ ግን ደንብ ነው» ብላ ትንሿን የፕላስቲክ ዕቃ አስያዘችኝና መጸዳጃ ቤቱን አሳየችኝ። አንቺም መጠየቅ ከተውሽ ስንት ጊዜሽ። መጠየቅሽ እንደሚያመኝ ገብቶሽ እንደ ተውሽው አውቃለሁ፤ አመስግኜሽ ግን አላውቅም።

ሲስተር ደሊዝ ስትመለስ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ተቀመጠች። ነርስ ከተቀመጠች ነገር አለ። «የኔ ሆድ፣ ይሄን መድኃኒት ልንሰጥሽ አንችልም» አለችኝ። የማይነገር በሽታ አገኙብኝ ብዬ አንቺን ነው ያሰብኩት፤ ማን ይነግራታል ብዬ። እሷ ግን እጄን ይዛ፣ «እንዳልሳሳት ብዬ ሁለቴ አየሁት። ባልሽን ጥሪው፤ ይሄ ብቻሽን የምትሰሚው ነገር አይደለም» አለች።

የስቲን ሳንድዊቹን እንደ ያዘ ሮጦ መጣ። ነርሷ ነገረችን። እማዬ፣ ያ የአውቶቡስ ሞተር ብቻውን የሚያነሳ ሰውዬ እወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገጩ ሰናፍጭ እንደ ተቀባ አለቀሰ። እኔ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ዶክተር ራጋቫን ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። «እንግዲህ የመጀመሪያዋን ተሳታፊዬን አጣሁ» አሉ፤ ፊታቸው ግን የከሰረ ሰው ፊት አልነበረም። ተራዬን ተከታዬ ለሆነችው ለአንዲት የዳቦ ቤት ሠራተኛ እንደሚሰጡ ነገሩኝ። ለኔም፣ «ጥናቱ ገና ብዙ ይቆያል። ከዓመት ከምናምን በኋላ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካገኘሽ፣ ተመለሽ» አሉኝ። እስከዚያ አንገቴን የምታፍታታልኝ ባለሙያ በየሳምንቱ ታየኛለች።

ወይዘሮ ፕሮሰር ጥናቱ ውስጥ አልገባችም ሲባሉ ጣሳቸውን ጠበቅ አድርገው፣ «ታዲያ በዚያ ብርድ እንደ ዳክዬ የዋኘሁት ለማን ነው?» ብለው ተቆጡ። በጆሯቸው ነገርኳቸው። መጀመሪያ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ኋላ ቆጠሩና፣ «ባሕሩ ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁሽ» ብለው ለሚያልፍ የሆስፒታል ሠራተኛ ሁሉ ኬክ ማደል ጀመሩ። ምስጋናውን ለራሳቸው ወስደውታል፤ ከእጃቸውም የሚያስጥላቸው የለም።

አንቺም ጣትሽን ማጠፍ እንደ ጀመርሽ ይታየኛል። ቁጠሪ። የመስከረም መጨረሻ ላይ ሥራ አትያዢ። ፅንሱ እዚህ ድረስ በሰላም መጥቷል፤ የሚቀረውን እግዜር ያውቃል። ሐኪሞቹ በዚህ ዕድሜዬ መጠንቀቅ እንዳለብኝ ነግረውኛል፤ ስለዚህ የዓሣ ሣጥን ማንሳት ክልክል ነው። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽሽም። ደስታዬ ግን ፍርሃቴን ወንበር ነስቶታል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ትዪ የነበረው ለካ እውነት ነው።

አሁን የምጽፈውን ግን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ያ ምልክት ገና ከአንገቴ ላይ አይነሳም። ታዝኚ ይሆናል ብዬ ሁለት ቀን ብዕር መያዝ ፈርቼ ነበር። በሕፃንነቴ ያን ትኩስ ሻይ ጎትቼ በላዬ ላይ ያፈሰስኩት እኔ እንደ ሆንኩ፣ አንቺም ዞር ያልሽው በሩ ስለ ተንኳኳ እንደ ሆነ አባባ ከመሞቱ በፊት ነግሮኛል። አንቺ አንድም ቀን አንስተሽልኝ አታውቂም። ሻይ መጠጣት ግን ከዚያ ወዲህ እርም ብለሻል፤ ሻይ የማትጠጣ የዌልስ ሴት የኔ እናት ብቻ ናት። እኔ ሻዩን አላስታውሰውም እማዬ። የማስታውሰው ማታ ማታ እየዘፈንሽ አንገቴን በዘይት ስታሺኝ ነው። የሰው ሁሉ እናት እንዲያ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር፤ እንደማያደርጉ ሳውቅ ለጎረቤት ልጆች አዘንኩላቸው።

ትናንት የስቲን ሻዩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ቴሌቪዥኑን ሊከፍት ሄደ። እኔ ሳላስበው ኩባያውን ወደ መሃል ገፋሁት። ቤት ውስጥ የሚደርስበት እጅ እኮ ገና የለም። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ተሸክመሽ እንደ ኖርሽ ያኔ ነው የገባኝ።

ስለዚህ ነይ። መስከረምን አትጠብቂ፣ ጉልበትሽ እንደ ተሻለው ነይ። ቤቱን እየዞርሽ ምን ከየት መነሳት እንዳለበት ንገሪኝ። ከዚያም በኋላ እኔ ገበያ ስውል ዕቃውንም፣ እሳቱንም፣ የምወደውንም ሁሉ ትቼልሽ የምሄደው ላንቺ ነው። ካንቺ እጅ በላይ የማምነው እጅ የለኝም።

ለኔስታ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወሬውን ግን ቢያንስ እስከ ምሳ ሰዓት ያዢው። ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ አሁን ዕድሜሽ በጣም ያስፈልገናል።

በብዙ ፍቅርና ናፍቆት፣
ልጅሽ