የላክሁት ሮዝ ብሩሽ እና የሚጣ ፀጉር

ይድረስ ለውድ እታለም፦

እታለም፣ እንዴት ነሽ? አሁንም እንደገና እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትደግፊያለሽ? እናታችንስ እንዴት ናት፣ ያ ሳሏ ለቀቃት? ባለቤትሽ ጋሼስ የአናጢነት ሥራው ደህና ነው ወይ፣ መጋዙ የቧጨረው እጁ ቁስሉ ደረቀለት? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ደጁስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ቆሜ ስለምውል እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለብኝም። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ምክንያቱን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ይኸው ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ሦስት ሳምንት ሆነሽ። እናታችን ታነሳለች፣ ጋሼም ያነሳል፣ አንቺ ግን ሁልጊዜ ወይ ልብስ እያጠብሽ ነው ወይ ጎረቤት ሄደሻል። ጋሼ ደግሞ ውሸት አይችልበትም፤ «የለችም» ሲለኝ ከኋላው ሳህን ስትደረድሪ ይሰማኛል። ልጄ ሚጣ ልትመጣልኝ ሁለት ወር ቀርቷት፣ እኔና አንቺ እንዲህ ተኳርፈን እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ዕቃ ይዛላችሁ በምትመጣው ልብስ ሰፊ እጅ ደብዳቤ መላክ ይሻላል አልኩ። ቀድደሽ ብትጥይው እንኳ መጀመሪያ ማንበብሽ አይቀርም፤ እኔ እኮ አውቅሻለሁ።

የምጽፍልሽ ከፀጉር ቤቱ ጓሮ፣ ፎጣ ከምናጥብባት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ነው። ዛሬ ሱቁ ዝግ ነው፤ ፎጣ የማጠብ ተራው ግን የኔ ነው። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ፊደሌም አብሮት ይንቀጠቀጣል። እያለቀስኩ የጻፍኩ እንዳይመስልሽ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ሮዟን ብሩሽ ስልክላችሁ ለሚጣ ፀጉር ብቻ አስቤ አልነበረም። ሁለት ዓመቷ ላይ ላንቺ ትቻት ስመጣ ፀጉሯ ገና ብን ብን የሚል ነበር። አሁን ሰባት ዓመት ሆናት፣ ፀጉሯ ትከሻዋን አልፎ፣ ጥቅልል ብሎ፣ ጭንቅላቷን ሞልቶት፣ እኔ በፎቶ ነው የማውቀው። ፎቶ ስትልኪልኝ ፊቷን ከማየቴ በፊት ፀጉሯን ነው የማየው። ጉንጉኑ ስንት እንደሆነ እቆጥራለሁ፣ ፀጉሯ የተከፈለበት መስመር ቀጥ ማለቱን አያለሁ፣ ቀጥ ብሎ ሳገኘው ደስ ሊለኝ ሲገባ ይከፋኛል። በሳምንት ሠላሳ ራስ አጥባለሁ፣ አፍታታለሁ፣ እጎነጉናለሁ፤ ከልጄ ራስ ላይ ግን እጄ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው።

እዚህ አብራኝ የምትሠራ፣ «ቀጭኗ» የምንላት ልጅ አለች። ልጇ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚህ ትመጣና እናቷ ጭን መሀል ተቀምጣ ትበጠራለች። በሮዝ ብሩሽ። እኔ ያን ጊዜ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲ እየጠቀለልኩ በመስታወቱ ውስጥ አያቸዋለሁ፤ አንድ ሁለቴ ደንበኛዋን አጥብቄ ስቤ «ኧረ ራሴን» ብላኛለች። በሚቀጥለው ቀን ሄጄ ያንኑ ብሩሽ ሁለት ገዛሁ፣ አንዱን ለሚጣ፣ አንዱን ለኔ። በየጠዋቱ ራሷን የሚነካው ነገር ከኔ የመጣ ይሁን አልኩ። ቅናት ነው እታለም፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

አንቺ ደግሞ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ደወልሽልኝ። ብሩሹ ፀጉሯን እየሰበረው ነው፣ ግንባሯ ዙሪያ ሳስቷል፣ ስታለቅስ አላስችል ብሎኝ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩትና ወደ ሰፊ ጥርሱ ሚዶና ወደ ጣቴ ተመለስኩ አልሽኝ። ይህን ሁሉ ስትዪ ድምፅሽ ርግት ያለ ነበር፤ ያ መርጋትሽ ነው ያሳበደኝ። እኔ ይሄን ሥራ ተምሬ የምስክር ወረቀት ያለኝ ሴት ነኝ፣ አንቺ የማን ፀጉር ቤት ሠርተሽ ታውቂያለሽ ብዬ በሆዴ ተቃጠልኩ። ባፌ ደግሞ ብሩሽ አይሰብርም፣ የሚሰብረው አያያዝ ነው አልኩሽ። አንቺም እንግዲያው ልላክልሽና እይው ብለሽ ከብሩሹና ከምንጣፉ ላይ የለቀምሽውን ፀጉር በፖስታ አድርገሽ ላክሽልኝ።

ፖስታው ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ማስረጃ እጄ ገባ አልኩ። ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩና ደንበኛ ሳይገባ ነጭ ፎጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ፀጉሩን አንድ በአንድ እደረድር ጀመር። በራሱ ጊዜ የረገፈ ፀጉር ሙሉ ርዝመቱን ይዞ ነው የሚወጣው፤ በሥሩ በኩል ነጭ ነጥብ የመሰለች ነገር አለችው። እሱ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ለማንም ሰው በየቀኑ ይረግፋል። የተሰበረው ግን አጭር ነው፣ ነጥቧም የለችውም። እኔ ባለነጥቡ ይበዛል ብዬ ነበር። ደርድሬ ስጨርስ ከአሥሩ ሰባቱ አጫጭርና ነጥብ የሌለው ሆኖ ቁጭ አለ።

ይሄኔ የፀጉር ቤቱ ባለቤት መጣች። እኛ በሌለችበት «እትዬ ካስክ» ነው የምንላት፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ራስ ላይ ቆማ ስለምታግል። ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። አንዲት ዘመዴ ለሕፃን ልጅ የተላከላትን ማፍታቻ ብሩሽ ፀጉር ይሰብራል ትላለች፣ በደረቁ ከሥሩ ጀምራ ስለምትጎትት ነው እንጂ ብሩሹ ምን አደረገ አልኳት። እስቲ ብሩሹን አሳዪኝ ስትል ለኔ ያስቀረሁትን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጥርሱን በአውራ ጣቷ ብትገፋው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከቦርሳዋ አሮጌ ስቶኪንግ አውጥታ እጇ ላይ አጠለቀችና ብሩሹን ቀስ አድርጋ አሳለፈችበት። እያንዳንዱ ጥርስ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ አለችው፣ ኳሷ ደግሞ የተጣበቀችበት ስንጥቅ አላት፤ ስቶኪንጉ ክሩ እየተሳበ ተተለተለ። ጥሩ ማፍታቻ ቋጠሮ ሲያገኝ ጥርሱ ይታጠፋል አለችኝ፣ ይሄ አይታጠፍም፣ እሱ ካልታጠፈ የሚበጠሰው ፀጉሩ ነው። «ይሄ ለለስላሳ ፀጉር፣ በጋለ ብረት ፒያስትራ ለተደረገ ፀጉር ነው» አለች። «ለተጠቀለለ ፀጉር፣ ያውም ለሕፃን፣ የትኛዋ ደንቆሮ ናት የላከችው?»

እኔ ምን ያልኩ ይመስልሻል? «አላውቅም» አልኩ። መሳቢያውን በጉልበቴ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ቀጭኗ ነገሩን ታውቅ ስለነበር ፎጣ አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ፍርስ አለች። ለካ የእሷ ልጅ ፀጉር ከናቷ የወረሰችው ለስላሳ ነው፣ እንደኛ ዘር ጥቅልል አይደለም፣ ለዚያች ብሩሹ ልኳ ነው። በየሐሙሱ በመስታወት ሳያቸው ስከርም ጭናቸውን እንጂ ፀጉራቸውን አላየሁትም። ባለወረቀቷ ባለሙያ ይኸውልሽ፣ ብሩሽ በቀለሙ የምትመርጥ።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ፎጣው ላይ ከሚጣ ፀጉር ጋር የተቀላቀለ ሌላ ፀጉር ነበር፣ ረዘም ያለ፣ ግማሹ ሽበት። ያንቺ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። የልጅቷን ብሩሽ ትጋራለች ብዬ ሌላ የምቆጣበት ነገር በማግኘቴ ደስ ሊለኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ ደውዬ እናታችንን ብጠይቃት ሳቀችብኝ። እሑድ እሑድ ሚጣ ካንቺ ኋላ ወንበር ላይ ቆማ ታበጥርሻለች አሉ፤ ሮዟንም ቁም ሣጥን ላይ እስክትሰቅያት ድረስ አንቺ ላይ ነበር የምትለማመድባት፤ አንቺም ተቀምጠሽ ታንቀላፊያለሽ። ከጫፉ ጀምራ፣ ሥሩን በእጇ ይዛ፣ እንዳያምሽ እያለች ነው የምታበጥርሽ አለችኝ እናታችን። ከጫፉ ጀምራ! ማን አስተማራት? በደረቁ ከሥሩ ትጎትታለች ብዬ ያማሁሽም በዚሁ ውኃ በላው።

እርር ድብን አልኩ እታለም። ያቃጠለኝ የተሰበረው ፀጉር አይደለም። ልጄ የሰው ራስ እንዳይታመም አስባ የምታበጥር ልጅ ሆናለች፣ የምታበጥረው ራስ ግን የኔ አይደለም። የባሰው ደግሞ እጅሽን ማወቄ ነው። እኔንስ ያበጠርሽኝ አንቺ አይደለሽ? እናታችን ሥራ ስትውል በርጩማው ላይ ተቀምጠሽ፣ እኔን ጭንሽ መሀል አድርገሽ፣ ቋጠሮ ሲያጋጥምሽ እኔ እንዳላለቅስ አንቺ ትንፋሽሽን ትይዥ ነበር። ሌላ ሴት ጋ ትቻት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልቀናም። ያ እጅ ራሷ ላይ ካለ እኔን ብትረሳ እንደማይፈረድባት ስለማውቅ ነው የቀናሁት።

እና በዚያው ንዴት መልሼ ደወልኩ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ነው የደወልኩት፤ ይሄን ልብ በይልኝ። ያነሳችው ሚጣ ናት። ስለ ትምህርት ቤቷ ትንሽ አወራችኝና «እማዬን ላቅርብልሽ?» አለችኝ። እማዬ አንቺ ነሽ። እኔን ለጓደኛዋ «የስልኳ እማ» ብላ ስትጠራኝ አንድ ቀን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንቺም ቆመሽ ነበር፣ ተይ አልሻት፣ ይባስ ብሎ ያንቺ ማረም ነው ያመመኝ። ስልኩን ተቀብለሽ ገና እንዴት ዋልሽ ሳትዪኝ «ወልደሽ ብታበጥሪ ኖሮ ይገባሽ ነበር» አልኩሽ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው። አንቺ ግን «እሺ፣ እስክትወስጃት ድረስ ፀጉሯን አላበላሽብሽም» ብለሽ ዘጋሽው። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ስንት ዓመት ሐኪም ቤት እንደተመላለስሽ እኔ አላውቅም? አብሬሽ ወረፋ የያዝኩት፣ ውጤቱን ሲነግሩሽ ቦርሳሽን ይዤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ አይደለሁ? ሳላውቅ አልተናገርኩም፤ የቱ ጋ እንደሚያምሽ መርጬ ነው የወጋሁሽ። ይቅር በይኝ እታለም። አምልጦኝ ነው አልልሽም፣ ቀንቼ ነው።

እናታችን እንደነገረችኝ የሚጣን ሻንጣ ካሁኑ አውርደሻል፤ ልብሷን አጥፈሽ ትከችና በማግስቱ አውጥተሽ እንደገና ታጥፊዋለሽ። እኔ ደግሞ እዚህ በእረፍት ሰዓቴ የመለማመጃውን አሻንጉሊት ራስ አርጥቤ ሳፍታታ እውላለሁ፤ ቀጭኗ ልጅሽን ልትቀበዪ ነው ወይስ ልትፈተኚ እያለች ትስቅብኛለች። ልጄን እፈልጋታለሁ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የለፋሁት ለዚሁ ነው። ግን አንቺ አኩርፈሽ ከላክሻት ልጅቷ ታውቀዋለች። በሩ ላይ ስትሰናበትሽ ፊትሽን አይታ እኔ ምን እንዳደረግሁሽ ይገባታል፣ ያንን ይዛ ትመጣለች፣ ያንን ደግሞ እኔ በምንም ብሩሽ አላፍታታውም። እባክሽ ስልኬን አንሺ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ብሩሽ አለ። ቀለሙ ቡናማ ነው፣ አያምርም። ጥርሱ ሲገፉት ይታጠፋል፣ በስቶኪንግ ሞክሬው አንድም ክር አልሳበም። ፀጉሯን አርጥበሽ፣ ኮንዲሽነር ቀብተሽ፣ ለአራት ከፍለሽ፣ መጀመሪያ በጣትሽ ፈታ ፈታ አድርገሽ፣ ከዚያ ከጫፉ... ለማን ነው የማስተምረው? ካልወደድሽው አትንኪው። እትዬ ካስክ ራሷ ክፉ ቋጠሮ ሲያጋጥማት ብሩሹን አስቀምጣ በጣቷ ነው የምትፈታው። ግንባሯ ዙሪያ የሳሳው ተመልሶ ይበቅላል፣ እዚያ ጋ ጠበቅ አታድርጉት እንጂ። ሮዟን ግን ጣይልኝ፣ ወይም ጋሼ የመጋዝ ብናኝ ይጥረግባት።

እናታችንን ጉልበቷን ስሚልኝ፣ አብሬ የላክሁት ሻርፕ የእሷ ነው፣ ለሰው እንዳትሰጠው። ጋሼን ሰላም በይልኝ፣ ውሸቱንም ይለማመድ በይልኝ። የግቢውን በር የምትጋራሽን ሁሉን አዋቂ ጎረቤታችንንም ሰላም በያት፣ ይሄን ደብዳቤ ግን እንዳታስነብቢያት።

የሚጣን ሰላምታ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት የምለምንሽ ነገር ስላለ ነው። የምትመጣ ዕለት ፀጉሯን ሳትሠሪው ፈትተሽ ላኪልኝ፣ መጀመሪያ እኔ ልሥራው ልልሽ ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌው ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ተይው፣ አንቺ ሥሪያት። ቀጭን ሹሩባ አድርጊላት፣ ለመንገድ የሚበረክት፣ እጅሽ የሚያውቀውን ሁሉ ጨምረሽ። እዚህ ስትደርስ እጄን እንደሚበላኝ ከአሁኑ ይታወቀኛል። ግን አልነካውም። ቢያድፍም፣ ቢንጨባረርም፣ ደንበኛ ሁሉ የባለሙያ ልጅ እንዲህ ትሆናለች ወይ ቢለኝም፣ ራሷ መጥታ ጭኔ መሀል ተቀምጣ «ፍቺልኝ» እስክትለኝ ድረስ ያንቺን ሹሩባ አልፈታውም።

ታናሽ እህትሽ

ከፀጉር ቤቱ ጓሮ፣ ከፎጣ ማጠቢያው ክፍል
ሰኞ፣ የካቲት ፲፪ ቀን