ወንድሜ ያጠረብኝ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ካሰች፤

የጌታ ሰላም ካለሽበት ጋምቤላ ድረስ ይምጣልሽ። ሙቀቱ እንዴት ያደርግሻል? ጤና ጣቢያው ሥራ በዝቶብሻል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የሥዕል ኤግዚቢሽን ቅዳሜ እዚህ ሀዋሳ ተከፈተ። የአጎታችንን የኩማን መጥሪያ በገዛ እጄ ነው ያደረስኩለት። ከረባቱን አስሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። "የወንድሜ ልጅ ሥራ የቱ ነው?" እያለ ከፊት ከፊት ይመራቸዋል።

ሥዕሌ እሱ የነጠቀን የቡሹሎ መሬት ነው። አባዬ ከአጥሩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ኩማ ከውስጥ በሩን ይዘጋል። ከሥሩ "ወንድሜ ያጠረብኝ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ሽማግሌዎቹ ሥዕሉን አዩ፤ ዞረው እሱን አዩ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አውርጂው" አለኝ።

"አንድ ወር ይቆያል፣ አጎቴ" አልኩት ጮክ ብዬ። ላቡ አንገቱን ሲያርሰው ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

አባዬ አዳራሹ ደረጃ ይበዛዋል ብሎ አልመጣም። ስሥለው እንኳ ያ ጥቁር ኮቱ ሰፍቶት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ ነው ያስቀመጥኩት። ቀጥዬ በምሥለው ሁለተኛ ሥዕል ኩማን ከአጥሩ አስወጥቼ አባዬን አስገባዋለሁ። "ከፈተና በኋላ ትቀመጥልኛለህ?" ስለው፣ "ለምን ታቆዪዋለሽ? ዛሬ ጀምሪ" አለኝ።

ፈቃድ ከሰጡሽ አባዬን ለማየት ቶሎ ነይ፤ ኤግዚቢሽኑ እስኪዘጋ አትጠብቂ።

ጉንጭሽን በናፍቆት የምስም፣
ታናሽሽ ሩሀማ