የልጄ መለኪያ በእኔ ጣት

እትዬ፣ ሰላምታውን ቆይቼ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ የዛሬ ጠዋቱን ልንገርሽ፣ አለበለዚያ እጄ አይጽፍልኝም። ልጄ፣ አንቺ ወፊቱ የምትያት፣ ድናለች ለማለት ባልደፍርም አምልጣለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉ በሰው ተሞላ። ሐኪሙ እየሮጠ ገባ፣ ሁለት ነርሶች ተከተሉት፣ አንዷ ደም ቀዳች፣ አንዷ ግሉኮስ ሰቀለች፣ እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ማን ጠራቸው ብትይ ኮምፒውተር ነው። ለምን ዘግይቶ ጠራቸው ብትይ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እንግዲህ አንቺስ እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? ጠዋት ጠዋት የሚያጣድፍሽ ሳልስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ መነጽር አሠራ ወይስ አሁንም ጋዜጣውን ክንዱን ዘርግቶ ነው የሚያነበው? መንትዮቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ከዚህ ጭንቀት በቀር ደህና ነን። እናቷ ትንሹን ይዛ ቤት ናት፤ በየሰዓቱ እየደወለች "ቁጥሩን ንገረኝ" ትለኛለች።

ሰኞ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን መሆኗን በስልክ ነግሬሻለሁ። እዚህ ያስተኟት ክፍል ውስጥ አንድ ያስገረመኝ አሠራር አለ። በሽተኛው ጣት ላይ መቆንጠጫ ይደረጋል፤ ገመዱ አልጋው ራስጌ ካለው ማሽን ጋር ይያያዛል፣ ማሽኑ ለኮምፒውተር ይነግራል። ታውቂኝ የለ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ተራ በተራ ጻፍኩት፦ አንደኛ የልብ ምት፣ ሁለተኛ ኦክስጅን፣ እነዚህ ከጣት። ሦስተኛ ትንፋሽ፣ አራተኛ ሙቀት፣ አምስተኛ ደም ግፊት፣ እነዚህን ነርሷ ለክታ ታስገባለች። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይደምራል። ድምሩ ካላማረው የነርሷም የሐኪሙም ስልክ ይጮኻል።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ልጅቷ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። መቆንጠጫው ግን አላስተኛትም። ጣቷን ስታወናጭፍ ይወልቃል፣ ሲወልቅ ማሽኑ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ትነቃለች። ትንሽ ታሸልብ ብዬ መቆንጠጫውን ከእሷ ጣት አውልቄ በራሴ ጣት አደረግኩትና እጄን ብርድ ልብሷ ሥር ከተትኩ። ማሽኑ ዝም አለ። በብልሃቴ ኮራሁ፣ ምን ልበልሽ! ደብተሬ ላይም "ሁለት ሰዓት፣ ተኛች፣ ልብ ሰማንያ ስምንት፣ ደህና" ብዬ ጻፍኩ። ሰማንያ ስምንቱ የገዛ ልቤ ነው እኮ እትዬ!

ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ከዚያ ቀጭኗ ነርስ ለልኬት መጣች። ይቺን ልጅ ብታዪያት ትወጃት ነበር። ትንፋሽ ስትቆጥር እጇን ደረት ላይ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነው፤ በግምት የሚባል ነገር አታውቅም። ሃያ አራት ቆጠረች። ሙቀቷ ሠላሳ ስምንት ከአራት ሆነ። አስገባችው፤ ስልኩ አልጮኸም። "ሲስተር፣ ቀስ በይ፣ ገና አሁን ነው የተኛችው" አልኳት። አልሄደችም። "ጋሼ፣ ይሄ እንቅልፍ ነው ድካም?" ብላ የልጅቷን አንጓ ያዘች። ፊቷ ተለወጠ። "ማሽኑ ሰማንያ ስምንት ይላል፣ እጄ መቶ ሃያ ስድስት ይላል፣ አንዳችን ዋሽተናል" አለች። ገመዱን እየተከተለች ብትስብ ጣቴ ብቅ አለ።

"በስመ አብ! እስካሁን የእርስዎን ልብ ነው እንዴ ስንጠብቅ የነበረው?" አለችኝ። እንቅልፏን እንዳይነሳት ብዬ ነው ብላት፣ "እንኳን ደስ ያለዎት፣ እርስዎ ጤነኛ ነዎት" እያለች ቀድማ ልጅቷ ጣት ላይ መልሳዋለች። ደቂቃ አልሞላም፤ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ያ ሁሉ ሰው የገባው።

ሐኪሙ ኋላ አረፍ ሲል አስረዳኝ። ሴፕሲስ ይባላል፤ ኢንፌክሽኑ ከቁስሉ አልፎ ሰውነት ራሱን ማጥቃት ሲጀምር ነው አለኝ። ምልክቶቹ ለየብቻ ሲታዩ ቀላል ናቸው፣ ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ ፈጠን ያለ ትንፋሽ፤ ሰው አይደነግጥላቸውም። ኮምፒውተሩ ግን ደምሮ ነው የሚያየው፣ ለዚህ ነው ቀድሞን የሚደነግጠው አለ። መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ውስጥ ደም ሥሯ ገባ። ቢዘገይ ኖሮ ብዬ ስጠይቀው፣ "አሁን ደርሰናል" ብቻ ነው ያለኝ።

እትዬ፣ ወንድማችን ትዝ አለኝ። እግሩ ቆስሎ በተኛ በሦስተኛው ቀን፣ ዝም ሲል "ተመስገን፣ ተኛ" ብለን በሩን ቀስ አድርገን ዘጋንበት። ለእሱ ማን ደመረለት? ዛሬም እኔ ያንኑ በር ልዘጋ ነበር። ይሄንን ነገር ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ፤ ማሽኑን ብታምንም በእጇ ደግማ የምትለካዋ ደግሞ የወላጆቿ ኩራት ናት።

አንድ ነገር ግን እየከነከነኝ ነው። ኮምፒውተሩ የሚረሳው የለውም፤ ዋና ነርሷ ያቺን ግማሽ ሰዓት አገኘቻት። በሩ ላይ ቆማ ቀጭኗን፣ "የማንን ልብ ነው ስትመዘግቢ የነበረው? መቆንጠጫውን ሳታዪ ነው የምትቀመጪው?" አለቻት። ቀጭኗ እኔን ገልመጥ አድርጋ አየችኝና "ልብ አላልኩም" አለች። አስታማሚ ዕቃ ከነካ ከክፍሉ ያስወጡታል ሲባል ሰምቼ ነበርና ፈራሁ። ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ቁጥር መጻፌን ቀጠልኩ።

አሁን ሙቀቷ ሠላሳ ሰባት ከስድስት፣ ትንፋሿ አሥራ ስምንት ነው። ውኃ ጠይቃ ጠጣች፤ "አባዬ፣ ጺምህ የተጣለ ብሩሽ መስሏል" አለችኝ፣ ከመድኃኒቱ ይልቅ እሱ ነው ያሳረፈኝ። የደሟ ውጤት ቅዳሜ ይደርሳል፤ እስከዚያ ሙሉ በሙሉ ደህና ናት አይሉኝም።

ባለቤትሽን በብርቱ ሰላም በይልኝ። መንትዮቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ታላቂቱ እንዳትቀየም እሷን አስቀድሚ። አክስታችንን ጉልበቷን ሳምኩ በይልኝ፤ ስለ ወፊቱ ግን ከቅዳሜ በፊት እንዳትነግሪያት፣ እንቅልፍ ታጣለች። አንቺንም እናቷና ትንሹ ናፍቀንሻል ብለዋል።

ይህን የጻፍኩት ከአልጋዋ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሐሙስ የካቲት 14 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙን አመስግኛለሁ፣ ደም የቀዳችውንም አመስግኛለሁ። ለዋና ነርሷ "ጣቱ የእኔ ነበር" ብዬ ግን ገና አልተናገርኩም፤ የቀጭኗ ዕዳ እንዳለብኝ ነው።

ወንድምሽ