ዘምዘም የጠጣው ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 22፣ 2002 ዓ.ም.

የማዳምን ብርጭቆዎች አጥቤ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ፣ ደብተሬ። የማንሺያ ሰፈር፣ የካርቱም ሀብታም ሁሉ፣ ጄኔሬተር ነው፤ ጆሮዬ ደነቆረ።

ድንጋዩ መጣ! በመተማ በኩል፣ በሹፌር እጅ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ። የጀማል ወንድም ነው ከደላንታ የላከው። እዚያ ሰዉ ሁሉ ኦፓል ፍለጋ ገደል ለገደል ወጥቷል አሉ። ጀማል (ከዚህ ወዲያ ጀ. ብቻ፤ እጄ ይደክማል) ከሚሠራበት የወርቅ ገበያ ደውሎ ነገረኝ። ለቀለበቴ ነው። ለኒካሃችን። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ዓርብ፣ ኢንሻአላህ።

እኔ ዓቂቅ ይሁንልኝ ብዬ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያደርጉት ነበር የሚባለው ድንጋይ እያለ ምን ሌላ ያስፈልጋል። ቀይ፣ ጠንካራ፣ ሳሙና የማይፈራ። ጀ. ሳቀብኝ። ዓቂቅ ሱዳን ሁሉ ያደርገዋል፣ ይሄኛውን ግን እዚህ ገበያ አይቶት የሚያውቅ የለም፣ ደግሞም የወሎ ነው፣ የራሳችን አፈር ነው አለ። እሺ አልኩ። ልቤ ግን አሁንም ሳሙና ሳሙና ይላል።

መብራት መጣ። ብርጭቆዎቹ ይጠብቁኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 25

ዕረፍቴ። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ አክስቴ ሐዋ ቤት ነኝ። ጀ. ድንጋዩን ይዞ መጣ። ገና ቀለበት ላይ አልዋለም፤ መጀመሪያ የሙሽራዋ ወገን ይየው ብሎ ነው።

እንዴት ልንገርሽ። ከባቄላ ትንሽ የሚበልጥ። ወተት የመሰለ። ይሄ ነው እንዴ ልል ስል ጀ. ወደ መስኮቱ ዞር አደረገው። ከውስጡ አረንጓዴ ወጣ። ከዚያ ብርቱካን። ከዚያ ቀይ፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እኔ ዝም አልኩ። እኔ! ጀ. ደንግጦ ደህና ነሽ ወይ አለኝ።

ስለ ድንጋይ ከተነሳ ደግሞ አፉ አያርፍም። ቀዩ ያቁት የነገሥታት ነው። አረንጓዴው ዙሙሩድ ከጥንት ጀምሮ ከቀይ ባሕር ማዶ ሳይሆን ከወዲህ፣ ግብጽ በኩል ካሉት ተራሮች ይወጣ ነበር። ሉል ሽቶ ከነካው ያልቅለታል፤ ሽቶ ተቀብተው ካበቁ በኋላ ነው የሚደረገው። የድንጋይ ጥንካሬ ማለት አለመሰበር ሳይሆን አለመጫር ነው። የካርቱም አቧራ ራሱ የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ ለስላሳውን ድንጋይ በደረቅ ጨርቅ የሚወለውል ሰው እየፈተገው ነው። ይሄ ሁሉ ደህና። ከዚያ ፈረንጆች አንድ ሰሞን ኦፓል መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለው ይሸሹት እንደነበር ጨመረልን። ምን አለ ይሄን ባይነግረን! አክስቴ መቁጠሪያዋን አቆመች፣ አየኋት።

ወላጆቼ ደሴ ናቸው። እዚህ ስመጣ የተቀበለችኝ፣ ሥራ ያስገባችኝ፣ ወባ ሲጥለኝ ያስታመመችኝ እሷ ናት። አባቴም የሐዋ ቃል ቃሌ ነው ብሏል። እሷ እሺ ካለች ኒካሁ አለ፤ እምቢ ካለች የለም።

ነገ መጥተህ ትወስደዋለህ፣ ዛሬ ለበረካ ዘምዘም ውስጥ ይደር አለችው። ለሙሽራ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ወርቁም ዶቃውም፣ በእሷ እጅ እንዲህ ነው። ጀ. ደስ አለው። ከሐጅ ካመጣችው ውሃ በፊንጃል ቀዳች፣ ቢስሚላህ ብላ ከተተችው፣ ከደነችው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 26፣ ጠዋት

ጠፋ።

ድንጋዩ አለ። ቀለሙ ነው የጠፋው። አክስቴ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ክዳኑን አንስታ ጮኸች። እኔ ፊንጃሉ ባዶ መሰለኝ፤ ጣቴን ስከት ነው ያገኘሁት። ጥርት ያለ ነገር፣ የጠርሙስ ስባሪ። ወተቱ የለም፣ አረንጓዴው የለም። በመስኮት አየሁት፣ ደጅ አውጥቼ አየሁት። ምንም።

አክስቴ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዘምዘም እውነቱን አወጣው አለች። ወይ ድንጋዩ ብርጭቆ ነው፣ ወይ ኒካሁ አልተወደደም። ጀ. አታለለሽ አላለችም፤ እሱም ተታሎ ይሆናል አለች። ግን ኸላስ፣ ይቁም።

ወደ ማንሺያ እየሄድኩ ነው፣ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ። ያንገጫግጨኛል። ፊደሌ ዶሮ የጫረው መስሏል። ምን አጠፋን?

እሑድ፣ ኅዳር 27

ልብስ ማስጫው ጋ ተደብቄ ነው በስልክ የማወራው።

ጀ. ትናንት ሄዶ ድንጋዩን ተረከበ። አክስቴ በር ላይ ነው የሰጠችው። ወሎዬ ሴት፣ ሰው በር ላይ አቁማ! ገበያው ውስጥ ደግሞ ብርጭቆ ነው ብለው ሳቁበት። ያልሳቀው አሠሪው ብቻ ነው፣ ዓም ኢድሪስ የሚባለው ሽማግሌ ሱዳናዊ። ይሄን ድንጋይ አላውቀውም፣ በማላውቀው ነገር ደግሞ አልፈርድም ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በጣም ያስፈራኝን ልንገርሽ? ጀ. ራሱ ማመን ጀምሯል። ምናልባት አልተጻፈልን ይሆናል አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ መልሼ ደወልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ የማዳምን አንሶላ አሰጣሁ። ኒካሁን እፈልገዋለሁ። ሰውዬውን እፈልገዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 28

ስሚኝ ስሚኝ!

ማዳም ዛሬ የፌይሩዝ ድንጋይ ቀለበቷን አውልቃ ሰጠችኝ፣ በጨርቅ አብሺልኝ ብላ። ስትገዛው እንደ ሰማይ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን አረንጓዴ ሆኗል። የምቀኛ ዓይን ነው ትላለች፤ ፌይሩዝ ዓይን ሲይዘው ይለወጣል። ቀለበቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሰንደል ይሸታል። የእጅ ቅባት ይሸታል። እያበስኩትም ይሸታል።

ሮጬ ልብስ ማስጫው ጋ። ድንጋይ ይጠጣል ወይ? አልኩት ጀ.ን፣ ሰላምታም የለ። ፌይሩዝማ ይጠጣል፣ ቅባትም ሽቶም፣ አለኝ። ከዚያ፣ ድንጋዩ የመጣ ቀን በምላሱ ነክቶት እንደነበር አስታወሰ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ነው። ምላሱ ላይ ልጥፍ አለበት፤ አቧራ ይሆናል ብሎ ተወው። ለካ ድንጋዩ ምራቁን እየጠጣ ነው! ወላሂ ጮኸ። አሁን በተራው እሱ ዘጋብኝ።

ከሰዓት ደወለ። የመጣ ቀን በወርቅ ሚዛን መዝኖት ነበር። ዛሬ ሲመዝነው ከብዷል። ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ አይከብድም፣ ሰዓዳ፣ ብርጭቆ አይደለም! ሲል ከኋላው የዓም ኢድሪስ ሳቅ ይሰማኛል።

ለማዳም ስለ ሽቶው ምንም አልነገርኳትም። ዓይን ከሆነ ዓይን ይሁን። እኔም ሽቶ ከምተው ምቀኛ ቢኖረኝ እመርጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 29

አክስቴ በስልክ ሰማችን፣ ሰማችን፣ በመጨረሻ፣ ከጠጣው እንግዲህ ይትፋው አለች።

ጀ. ምድጃ አጠገብ ሊያደርቀው ነበር። ዓም ኢድሪስ እጁን መታው። ሙቀት ይሰነጥቀዋል፤ ከወረቀት ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ በራሱ ጊዜ። የሰሜኑ ነፋስ ከንፈሬን ሰንጥቆታል፣ ተረከዜን ሰንጥቆታል፤ በየዓመቱ እረግመዋለሁ። ዛሬ ንፈስ፣ ንፈስ እያልኩ ዋልኩ።

ማታ ሚዛኑ ቀለል ብሏል አለኝ። ቀለም የለም። ግን ቀለል ብሏል።

ደግሞ ሌላ ጣጣ። ይሄ ድንጋይ ለእጄ አይሆንም። እኔ ቀኑን ሙሉ እጄ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሳህን ባጠብኩ ቁጥር ይጠፋል፣ ሲጠጣና ሲደርቅ ሲጠጣና ሲደርቅ መጨረሻ ላይ ይሰነጠቃል። ጀ.፣ ለአንገትሽ አደርገዋለሁ፣ ለጣትሽ ዓቂቅ ይሁን አለኝ። አላልኩም? ሳሙና አላልኩም? ግማሽ ሰዓት ሳቅንበት። ሳምንቱን ሙሉ አልሳቅንም ነበር። ያኔ ነው እንዴት እንደናፈቀኝ ያወቅሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 30

ጀ. አንደኛው ጠርዝ ላይ አረንጓዴ አየሁ ይላል። ወይም ዓይኔ ነው ይላል። ዓም ኢድሪስ መነጽሩን አድርጎ አይቶ፣ አላህ ያውቃል አለ።

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ደሴ ደወልኩ፣ ለአባቴ። ስለ ድንጋዩ ነገርኩት፤ አልሰማኝም መሰለኝ። ይሰግዳል? አለኝ። ይሰግዳል። ሲቆጣስ? ሲቆጣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይወጣል፣ ከዚያ ሐብሐብ ገዝቶ ይመጣል አልኩት። ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ግን ሐዋን አልዘልም አለ። እናት ሆናሻለች፤ አንቺው አሳምኛት። ልክ ነው። ተናደድኩ፣ ግን ልክ ነው።

ማጠቢያው ጋ ቆሜ አሰብኩ። ነገ ቀለሙ ቢመለስ አክስቴ እልል ትላለች፤ ተወደደ ትላለች። እኔስ? ድንጋይ ፈቀደልኝ ብዬ ላገባ ነው? ከዚያ አንድ ቀን ላብ ሲነካው፣ ዝናብ ሲነካው፣ እንደገና ሲጠፋስ? ሊፈታኝ ነው?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 1

ማዳም ፈቀደችልኝ። ሐጅ ዩሱፍ፣ አክስቴ ቤት ነኝ። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

አክስቴ ምንጣፉ ላይ፣ እኔ አጠገቧ። ጀ. መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ። እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት። ፊቱን ማየት ፈራሁ፤ እሱ ፊቱን መደበቅ አያውቅም። አንድ ቃል እንዳትናገር ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩትና ከጉልበቴ ሥር አደረግሁት። የተባለውን እንደተባለ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

"አክስቴ፣ ይሄ ሳይፈታ ንገሪኝ። ለጀማል ትሰጪኛለሽ ወይስ አትሰጪኝም?"

"ፍቺውና እንየው።"

"አይፈታም። ቀለሙ ተመልሶ ከሆነ ለድንጋይ ነው የምትሰጪኝ። ካልተመለሰም ለድንጋይ ብለሽ ነው የምትከለክዪኝ። ሰውዬው እዚያ ቆሟል። እሱን እዪው።"

አየችው። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። መቁጠሪያዋ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል።

"አንተ፣ እንደዚያ በር ላይ አቁሜ ሰድጄህ፣ ለምን ተመልሰህ መጣህ?"

"እትዬ ሐዋ፣ የት ልሂድ?" አለ ጀ.። "ከአንቱ በቀር ማንን እጠይቃለሁ?"

አክስቴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ጉንፋን ነው አለች። ከዚያ ደሴ ደውዪ አለችኝ። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ለአባቴ ራሷ ነገረችው፦ ነገ ከጁምዓ በኋላ ነው፣ ሰጥቻለሁ፣ ልጁ ደህና ልጅ ነው። ያላ፣ ዱዓ አድርግ ብላ ዘጋችበት። እኔ እየሳቅኩ ነው፣ ንፍጤ እየወረደ ነው፣ ጀ. ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል።

አሁን እንፍታው አለች አክስቴ። አልኩ፦ አይሆንም። ኒካሁ ከታሰረ በኋላ። እስከዚያ ማንም አያየውም። ጀ. ምን እንዳየ ያውቃል፣ ከንፈሩን ነክሶ ይዟል፣ ሊፈነዳ ነው። አክስቴ አንዴ ውሃ አምጪ፣ አንዴ በሩን እዪ እያለች ልታስነሳኝ ትሞክራለች። ከላዩ አልነሳም። ውስጡ ያለው ምንም ይሁን ምን ነገ አገባዋለሁ። ወስኛለሁ፣ ይኸው ቀኑም ተጽፏል።

ሂናውን በጥብጣ መጣች። ግራ እጄን ጨርሳለች፣ ቀኙን ስጪኝ፣ ምን ትጭሪያለሽ እያለች ነው፣ ስለዚህ