ለአምስት የተከፈለው መርፌ

መርሳ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

ለባለቤቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ጨጓራህስ ተሻለው ወይ? እናትህ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው አልደከመም። ሀስና ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። «ካንተ ናፍቆት በቀር» ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ ይሄ ነበር፤ ለዛሬ ዘልዬዋለሁ።

ስልክ ተከፍቶ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንዳትል። በእኛ ቤት ስልክ የእኔና ያንተ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እናትህ ከአጠገቤ ናቸው፣ ጎረቤት ደግሞ ከአጠገባቸው። ይሄ ለሁለታችን ብቻ የሚሆን ነገር ነው። የቀን ውሎዬን በደብተሬ እንደምጽፈው፣ የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሃለሁ። ፖስታውን አሽጌ ሽንኩርት ጭኖ ለሚወርደው ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ በእጅህ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ እነግረዋለሁ።

ሀስና በጦርነቱ መርሳ በተያዘችበት ወራት ተወለደች፤ አንተ ለንግድ እንደሄድክ መንገድ ተዘግቶብህ እዚያው አዳማ ቀረህ። ጤና ጣቢያው ሲዘረፍ የክትባት ማቀዝቀዣው ሳይቀር ስለተወሰደ አንድም መርፌ ሳታገኝ ከረመች። ጥር ላይ ሌላ ማቀዝቀዣ መጣና ነርሷ ሮማን ቤት ለቤት እየዞረች ጠራችን። አንዱ መርፌ አምስት በሽታ ይከላከላል አለችን፤ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ፣ ሌሎቹም። በገጠሩ በኩል ትክትክ ስለገባ አትዘግዩ ብላ ሄደች።

እናትህ ሀስናን ከታቀፉበት ቀና ብለው፣ «እቺን ገለባ የመሰለች? አምስቱንም ባንዴ? ለአህያም እኮ ጭነቷ ይከፈልላታል» አሉ። ሳቅን። ግን እኔም ፈራሁ። ጡቴ ደርቆ በአጥሚት ያቆየናት ልጅ ናት።

የዚያን ሰሞን ደወልክ። «ስፒከር ላይ አድርጊው፣ እማም ይስሙ» አልከኝ። ከአጥራችን ማዶ ያለችው በላይነሽም ልጇን ይታገሱን ይዛ እኛ ቤት ነበረች። ሁላችንም ሰማንህ። «የኔ ልጅ አምስት መድኃኒት ባንዴ አትወጋም። የሚያውቁ ሰዎች ለልጆቻቸው እያስነጠሉ ነው የሚያስወጉት፤ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን በወሩ። ዓሪፍ የተነጠለውን ይዞ እየመጣ ነው። ለኔ ልጅ የመረጥኩትን ለጎረቤቶቼም አልነፍግም» አልክ። በላይነሽ «ተባረክ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው» አለች። እኔም የአባት ስጋት መስሎኝ ወደድኩልህ።

የአጎትህ ልጅ ዓሪፍ ሐሙስ ዕለት መጣ። እኛ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ሸኽ አብዱልሐሊም ቤት፣ ሰው ለዱዓ ከተሰበሰበበት ወዳጃ ላይ ሄደ። ከጦርነቱ ወዲህ የሸኹ ወዳጃ ሰው አይችለውም። እስላሙም ክርስቲያኑም የታመመበትን፣ የጠፋበትን ሰው ስም ይዞ ዱዓ ሊያስደርግ ይመጣል። ዓሪፍ ካርቶኑን ምንጣፉ ላይ ከሸኹ ፊት አስቀመጠና፣ «ለሕፃናቱ የመጣ መድኃኒት ነው፣ ዱዓ ያድርጉበት» አለ። ሸኹ እጃቸውን ዘረጉ። አሜን አልን። በላይነሽም አሜን አለች።

ከዚያ ወዲያ ማን እምቢ ይላል? ዱዓ የተደረገበትን ነገር አልፈልግም ማለት በእኛ አገር ዱዓውን መርገጥ ነው። ዓሪፍ ይህን በራሱ የሚያስብ ጭንቅላት የለውም። የመርሳን ሰው አንጀት የሚያውቅ መክሮት ነው የላከው።

ዱዓው እስኪያልቅ ካርቶኑ በበሩ የገባው ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። እኔ ቲማቲም ነጋዴ ነኝ። ሙቀት የመታው ቲማቲም ላዩ እንደቀላ ውስጡ ውሃ እንደሚሆን አውቃለሁ። ሮማን የእሷን ክትባት ከበረዶ ሳጥን አውጥታ አታውቅም። ስለዚህ በሰው ፊት ጠየቅሁት፤ «ዓሪፍ፣ ይሄ ዕቃ በምን መጣ?»

«እንደ ልጅ ታቅፌው ነው የመጣሁት» አለ። ሰው ሳቀ።

«እንግዲያ ሞቆታል በለኛ» አልኩት። አሁንም ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። «የነጋዴ ነገር፣ ሳታጣጥል አትገዛ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ካርቶኑ ከጎማ ካላማዳሪ በተቆረጠ ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወሽቋል። የማንጎ ካርቶኖቻችንን እኔና አንተ ስንት ዘመን እንዲያ ስናስር ኖረናል። ማን እንዳሰረለት ዓሪፍን አልጠየቅሁትም።

የዚያኑ ዕለት ይታገሱን ወጋው። እያንዳንዱ መርፌ የየራሱ ዋጋ አለው። ጤና ጣቢያው አንዱን ሙሉ መርፌ በነፃ ይሰጣል፤ ለአምስት ከከፈልከው ግን አምስት ጊዜ ይሸጣል፣ እናቲቱም አምስት ጊዜ ትመለሳለች። በገበያ ብዙ ቆሻሻ አይቻለሁ። ቅቤ በሙዝ ሲለወስ፣ በርበሬ ከሸክላ ጋር ሲፈጭ አይቻለሁ። የእናት ፍርሃት እንደ ሥጋ መደብ እየተመደበ ሲሸጥ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ዓሪፍ መርፌውን በሱሪው ሲጠርገው አጠገቡ ነበርኩ። አንድ ትሪ ላይ ምሳ እንደበላን ትዝ ሲለኝ እጄን ደግሜ ታጠብኩ።

ለሀስና «ዛሬ አተኩሷታል፣ ነገ ይሁንልን» ብዬ አሳለፍኩት። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ፣ ከሰው ራቅ ብዬ ደወልኩልህ። «ዓሪፍ ዛሬ ሀስናን ሊወጋት ነው፤ ከአምስቱ የትኛው ይቅደም?» አልኩህ።

  መጀመሪያ፣ «ስፒከር ላይ ነኝ?» አልክ።

አይደለህም አልኩህ።

«ሀስናን ተያት» አልክ። «እሷን ጤና ጣቢያ ውሰጃትና አምስቱንም ባንዴ ይውጓት። ለሰው ግን ምንም አትበይ።»

እሺ ብዬ ዘጋሁ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁህም፤ ዛሬም አልጠይቅህም። ከሳጥኖቹ ጀርባ ዞሬ አስመለሰኝ። አጠገቤ የምትሸጠው ሴት «ደግሞ ሌላ አረገዝሽ እንዴ? ባልሽ በስልክ ነው የሚያስረግዘው?» ብላ ቀለደችብኝ። ሳቅሁላት። ምን እላታለሁ?

ሳምንት ሳይሞላ የይታገሱ ጭን አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። በላይነሽ ታቅፋው ወደ እኛ ግቢ ሮጠች፤ ዓሪፍም እዚያው ነበር። ዳሰስ አደረገውና፣ «መድኃኒቱ ምንም የለውም፤ የልጁ ደም ነው ያልተስማማው። ቀጣዩን ሲወጋ ይስተካከላል» አላት። መግል የያዘ ልጅ አቅፋ ቆማ ቀጣዩን ሊሸጥላት። ትንፋሹን መስማት ጠላሁ።

ልጁንና እናቱን ወልድያ ሆስፒታል ለሚወስዳቸው መኪና ካስረከብኩ በኋላ ሸኽ አብዱልሐሊም ዘንድ ሄድኩ። «ሸኹ፣ ባለፈው ያደረጉት ዱዓ ለካርቶኑ ነው ወይስ ለልጆቹ?» አልኳቸው።

«ለልጆቹ ነው እንጂ ልጄ፤ ካርቶን ነፍስ አለው እንዴ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የዓሪፍን አነሳሁ፣ ያንተን ስም አላነሳሁም። እሳቸውም፣ «አሜን ያስባልኳችሁ እኔ ነኝ፤ አፌ ያበላሸውን እግሬ ሄዶ ያቅናው» አሉ። በማግስቱ ጠዋት በትራቸውን ይዘው ጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ፤ ወዳጃው ላይ አሜን ያለች እናት ሁሉ ልጇን ይዛ መጣች። እሳቸው በር ላይ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሮማን ውስጥ ትወጋለች። እናትህም፣ «እሳቸው ካሉማ ምን አፍ አለኝ» ብለው ሀስናን ራሳቸው አቀፏት። ተወጋች፣ አለቀሰች፣ ሲመሽ ትንሽ አተኮሳት። ሲነጋ የእናትህን ሻሽ እየጎተተች ትስቅ ነበር።

ዓሪፍ የሸኹን መውጣት እንደሰማ ወደ ውርጌሳ ሄዷል። ሸኹ ለዚያ መስጊድ ሰው ልከውበታል፤ እዚያ ገበያ አያገኝም። ሲቸኩል እኛ ግቢ ጥሎት የሄደውን ዕቃ ለሮማን አስረከብኳት።

በላይነሽ እስካሁን ወልድያ ሆስፒታል ናት። የልጁን ጭን ቀደው መግሉን አፍስሰውለታል። ይራመድበት እንደሆነ ግን ሐኪሞቹ ገና አላወቅንም አሏት። ባለፈው ማክሰኞ ስንቅ ይዤላት ሄጄ ነበር። ልጁ ተኝቶ እሷ በሻሿ ዝንብ ትከላከልለታለች። ከስታለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስላንተ ነው።

«የሀስና አባት ሰምቶ ይሆን? አይዘን በይው» አለችኝ። «ለራሱ ልጅ የመረጠውን ነው የመረጠልን። ክፉ አስቦ አይደለም።»

ከዚያ ደግሞ፣ «ሀስናስ? የተወጋችበት አላበጠም?» አለችኝ።

«አላበጠም» አልኳት።

«ዕድሏ ነው» አለች። «ተመስገን፣ የሷ እንኳ ተረፈ።»

መርሳ እስክደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ነገሩ ብዙ አሰብኩ፤ እንደ ሚስትም፣ እንደ ነጋዴም አሰብኩ። በላይነሽ ልጇን ታቅፋ ስትመለስ አንተ እዚህ ትሆናለህ። አጥሯ ሥር ቆመህ በስልክ ያልከኝን በራስህ አፍ ትነግራታለህ። ካልመጣህ እኔ እነግራታለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ንግዱን እኔ እይዘዋለሁ፣ እናትህንም እጦራለሁ፤ በዚህ አትስጋ። የምትወደውን ቃሪያ ተው፣ ጨጓራህን ጠብቅ። አላህ ከሰው ልጅ ገላ ከሚገኝ ትርፍ ይሰውርህ፤ የሰው ፊት የምታይበት ዓይን ይስጥህ። ወሰላሙ ዐለይኩም።

የልጅህ እናት